ሁለቱ የማኪያቶ ብርጭቆዎች

እናቴ ሮማ ሄዳ ሆዷን አሳንሳ መጣች! ማርያምን እውነቴን ነው። ምግብ የሚገባበትን ከረጢት እንደ ቀሚስ ወገብ ሰፍተው አጥብበው፣ የዶሮ እንቁላል የምታክል ቦታ ብቻ ትተውላት ላኳት። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ እኔ! ክፍላችን ውስጥ ሚስጥር ካለ መጀመሪያ የሚወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ ይሄን ግን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። አሁን የምናገረው እሷ ራሷ በሰው ፊት ስለተናገረችው ነው። ያን ቀን ደግሞ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

እኔ ክሳነት ነኝ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ። አዲስ አበባ ተወልጄ የኤርትራ ነፃነት ሲመጣ ነው ወደ አሥመራ የገባነው፤ ለዚህ ነው ቤታችን ውስጥ አማርኛና ትግርኛ እንደ ሰላጣ የተደባለቀው። ማይ ጭሆት የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። አባዬ፣ ረዳኢ፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እማዬ ሓረጉ ትባላለች። ትንሿ እህቴ ሚጡ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ክብ፣ ሆዷ ክብ፣ ሲያዩዋት ንከሱኝ ንከሱኝ የምትል።

እማዬ በጣም ወፍራም ነበረች። ስኳር ያዛት፣ ጉልበቷ አልሸከም አላት፣ ከገበያ ስትመለስ ሦስት ቦታ ሳትቀመጥ ቤት አትደርስም ነበር። ሮማ ያለችው አክስቴ አብርሄት ለአንድ ሐኪም ቤተሰብ ምግብ ታበስላለች። ሰውዬው የእማዬን ፎቶ አየና «ይህቺ ሴት እንዲሁ ከቆየች አምስት ዓመት አትኖርም፣ ትምጣ» አለ። ሄደች። ለዘመድ ሁሉ የተነገረው «ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ነው» ተብሎ ነው።

«ለምን እንዋሻለን?» አልኳት አንድ ቀን።

«የአሞይ ርግበ ልጅ ለነፃነት ሲዋጋ ሳሕል በረሃ ምስር ያለ ጨው እየበላ ተሰዋ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ጠግቤ ጠግቤ ሆዴን አስቆረጥኩ ልበላቸው?»

አሞይ ርግበ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቤት ጊዮርጊስ ነው የሚኖሩት። የልጃቸው የተስፋልደት ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ከመስቀሉ በላይ ተሰቅሏል። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ሐሞት ነው» አልኩ።

እማዬ ከሮማ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አክስቴ ከጣልያንኛ ገልብጣ የጻፈችላት ነው፦ በአንድ ጊዜ ከትንሽ ብርጭቆ አይለፍ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ሃያ ጊዜ ይታኘክ፣ ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣ፣ ጣፋጭ የለም። ትንሽ ብርጭቆ ሲባል እማዬ ማኪያቶ የሚቀርብባትን አወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ከትሪ መብላት ቀረ። እኛ ትሪውን ከበን ስንበላ እሷ መስኮቱ ጋ ብርጭቆዋን ይዛ በሻሂ ማንኪያ ትለቅማለች። መጀመሪያ ያስቅ ነበር። በኋላ ግን ትሪው አንድ ጎኑ ባዶ ሆኖ ያስፈራኝ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው ፌርማታ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን የሚጡን ጉንጭ ቆንጥጣ «እዋይ፣ ቁርጥ እናቷን! ቁርጥ የድሮዋን ሓረጉ!» አለች። በፍቅር ነው ያለችው። እማዬ ግን ፊቷ አመድ ሆነ። ማታ ለራት ስንቀርብ ሁለተኛ የማኪያቶ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ አባዬ።

«የሚጡ።»

«ሓረጉ፣ እሷን ማንም አልቀደዳትም እኮ።»

«እንደ እኔ በቢላ እስክትቀደድ ልጠብቅ?»

አባዬ አውቶቡስ ላይ ሃምሳ ሰው ሲጮህበት ያፏጫል፤ እማዬ ስትቆጣ ግን ፍሬን ይይዛል።

ሚጡ መጀመሪያ ደስ አላት፣ የራሷ ብርጭቆ! እየቆየች ግን መቁጠር ጀመረች። «ስንት ቀረኝ? ስድስት? አምስት?» እያንዳንዱን ጉርሻ ከመዋጧ በፊት የእማዬን ፊት ታያለች። አንዳንዴ ብርጭቆዋ ባዶ ከሆነ በኋላ በጣቷ ውስጧን ትጠርጋለች። እማዬ «ጎበዝ ልጄ» ትላታለች።

አንድ ቅዳሜ አንሶላ ስቀይር ከሚጡ ፍራሽ ሥር አሥራ አንድ ቁራጭ ባኒ አገኘሁ! ባኒ ማለት ዳቦ ነው፤ ደርቆ ድንጋይ የሆነ፣ አንዱማ ሻግቶ አረንጓዴ ጢም ያበቀለ። ሚጡ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

«አትንገሪያት» አለች። «ለነገ ነው።»

«ነገ ቁርስ አለ እኮ፣ ቂሎ።»

«ካልበቃኝስ?»

አልተናገርኩም። እህቴን ላለማስገረፍ ብዬ ነው። ያ ነው የእኔ ጥፋት፣ አውቀዋለሁ።

በዚያው ሳምንት እማዬ ስፌቷን ለማሳየት ገዛ ባንዳ ሰፈር ያሉት ዶክተር ተወልደመድኅን ጋ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። ስፌቱን አይተው «ሸጋ ነው» አሉና «ልጆቹስ እንዴት ይበላሉ?» ብለው ጠየቁ። እማዬ ስለ ሁለተኛዋ ብርጭቆ በኩራት ነገረቻቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያ ወረቀት ለአንቺ ሆድ የተጻፈ ነው፣ ሓረጉ። የልጅቷ ሆድ አልተሰፋም። አንቺ ደህና ምግብ አቅርቢ፤ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼ እንደሚቀርብ አንቺ ወስኚ። ስንት እንደምትበላ ግን እሷ ታውቃለች። የቆጠርሽባት ልጅ መጥገብን አትማርም፣ መደበቅን ነው የምትማረው።»

መደበቅ! እኔ ወንበሬ ላይ ደረቅኩ፤ ፍራሹ ሥር ያዩ ነው የመሰለኝ። እማዬ ግን መንገድ ላይ «እሳቸው ወፍረው ያውቃሉ? ሸምበቆ!» ብላ ተሳደበች። የሚጡ ብርጭቆም ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

ከዚያ የቤት ጊዮርጊስ ንግደት ደረሰ። ንግደት ማለት የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ በዓል ነው፤ የዚያ ሰፈር ሰው በሙሉ በሩን ከፍቶ ዳስ ጥሎ ዘመድ ወዳጅ ያበላል። ከአንድ ቤት ወጥተህ ሌላ ቤት ትገባለህ፣ «ቅመሱ» ትባላለህ፣ ትቀምሳለህ። በንግደት ቀን የሰው ደጃፍ ረግጦ ሳይቀምሱ መውጣት ያን ቤት መናቅ ነው። ልጅ ደግሞ የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ተቀምጦ ከታየ ይቀርብለታል።

እማዬ «አልሄድም» አለች። አባዬ «እህቴ ትቀየመኛለች» አለ። በመጨረሻ ሁለቱን ብርጭቆዎች በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ንግደት ላይ! ከሁለት የማኪያቶ ብርጭቆ ጋር!

በአሞይ ርግበ ዳስ ውስጥ ሥጋው እየጨሰ፣ ሱዋ የሚሉት ጠላ እየተቀዳ፣ ሰው ለሰው ሲጎራረስ ሚጡ ብርጭቆዋን ይዛ አራት ማንኪያ በላች። «በቃ» አለች እማዬ ቀስ ብላ። ሚጡ ትሪውን ብቻ አየችው፣ እንደሚናፍቁት ሰው አየችው። እማዬ ወደ እኔ ዞራ «እህትሽን ያዣት፣ ዓይንሽ ከእሷ ላይ እንዳይነሳ» አለችኝ።

ያዝኳት። ማርያምን ይዣት ነበር! ከዚያ ግን ሁለት የክፍሌ ልጆች አዲስ ሹሩባ ተሠርተው ሲገቡ አየሁ፤ እንዴት ዓይነት ሹሩባ መሰላችሁ! «ማን ሠራሽ? እስቲ ዙሪ!» ስል እጄ ተለቀቀ። ዞር ስል ሚጡ የለችም።

መጀመሪያ ወንበር ሥር፣ ቀጥሎ ጓሮ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት ፈለግኩ። የለችም። ለእማዬ ስነግራት አልጮኸችም፣ አልመታችኝም፤ ያ ይብሳል። አባዬ «የት ልትሄድ ትችላለች?» ሲላት «ከበሮ ሰምታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል» አለች። ወንዶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። እሷ ግን እጄን ይዛ ወደ ጎረቤት ቤት ጎተተችኝ። ሚጡ ምግብ ፍለጋ እንደወጣች ታውቅ ነበር! እኔም አውቅ ነበር።

ቤት ጊዮርጊስ ከፍታ ላይ ነው፤ የምጽዋ መንገድ ከዚያ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉም ከገደሉ ይወጣል። ያን ቀንም ወጣ። መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ መንገዱን ዋጠው። የጭነት ማኪና ድምፅ ትሰማለህ እንጂ ማኪናውን አታይም።

በመጀመሪያው ቤት ያለችው ሴትዮ «ያቺ ክብ ፊት?» አለች እየሳቀች። «እዚህ ነበረች! ‹ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም› አለችኝ፣ አንጀቴን በላችው። ሁለቴ ጨመርኩላት።»

«ወዴት ሄደች?» አለች እማዬ።

«ኧረ ግቡ መጀመሪያ! ቅመሱ!»

«ልጅ ጠፍቶብን ነው፣ እህቴ…»

«ንግደት ላይ ልጅ አይጠፋም፤ ይጠግባል እንጂ። ነይ፣ አንዴ ብቻ!»

እኔ ዘልዬ ገባሁና ጎረስኩ። «በእሷ ፋንታ!» አልኩ። ሳቁ። በሁለተኛው ቤትም ጎረስኩ። እዚያም «ነበረች፣ ያልበላች ልጅ ናት ብለን…» አሉን። በሦስተኛው ቤት ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እኔስ ልፈነዳ ነው። ሚጡ እኮ ሦስቱንም ቤት በልታለች! ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ!

አራተኛው ቤት ያሉት እናት ግን ለእኔ አልሰጡም። የእማዬን እጅ ያዙ። «ሮማ ደርሰሽ መጥተሽ የእኛን ቤት ምግብ ናቅሽ?» አሉ፤ ቀልድ ይመስላል ግን ቀልድ አይደለም። ሰው ሁሉ ዞረ። እማዬ አፏን ከፈተች። ጉርሻው የጡጫ ያህል ነበር። ቆማ ታኝካለች፤ እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፣ ሰባት፣ ስምንት… «ልጅቷን አይተዋታል?» አለች ሳትጨርስ፣ ዋጠችው። «እወ፣ ቅድም ወጣች፣ ወደ መንገዱ» አሉ።

ወደ መንገዱ!

ውጪ ስንወጣ እማዬ ግድግዳ ተደገፈች። ከንፈሯ ነጣ፤ ደረቷን በጡጫዋ ትጫናለች። ቀጥላ ታጥፋ አስመለሳት። ነጠላዋን ያዝኩላት። «ሆስፒታል እንሂድ» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «ሚጡ» ብቻ አለች። ታች መንገዱ ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንድ ማኪና ረጅም ጡሩምባ ነፋ።

በጉሙ ውስጥ ብቻችንን እንደማናገኛት ስለገባት እየተጎተተች ወደ አሞይ ርግበ ዳስ ተመለሰች። ሰው በሙሉ ቆሟል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት «የለችም» ይላሉ፣ አባዬ ጥግ ቆሞ ባርኔጣውን ያጣምማል። አሞይ ርግበ እማዬን ሲያዩ በጥድፊያ ከትሪው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅለል አደረጉ።

«ንዒ፣ ነይ ልጄ! አመድ መስለሻል። በባዶ ሆድ ነው ልጅ የሚፈለገው? ይህቺን ጎርሰሽ…»

እጃቸው እማዬ አፍ ጋ ደርሷል። እማዬ የእሳቸውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፣ ገፋችው አላልኩም፣ ያዘችው።

«አልችልም፣ አሞይ። ሆዴ የለም። ሮማ የሄድኩት ለሐሞት አይደለም። ስለወፈርኩ ሆዴን አሳንሰውት ነው።»

አንዲት ሴት «እንታይ በለት?» አለች፣ ምን አለች ማለት ነው። እማዬ ቀጠለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ።

«ልጄም ከበሮ ፍለጋ አልሄደችም። ተርባ ነው። እንደ እኔ እንዳትሆን ብዬ እኔ ነኝ በብርጭቆ እየለካሁ ያስራብኳት። የእርስዎ ልጅ ምግብ ባጣበት አገር፣ እኔ ምግብ ባለበት ቤት ልጄን አስራብኩ።»

አሞይ ርግበ ጉርሻውን እንደያዙ ቀሩ። ወደ እማዬ አዩ፣ ወደ ጉርሻው አዩ። እሺ አትሳቁ፤ ዞረው እኔ አፍ ውስጥ ጠቀጠቁት! አራተኛዬ! ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጮኹ።

«ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር? በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር እኮ! ሴቶች! በየቤቱ ግቡ። አትቀመጡ፣ አትቅመሱ! ‹ርግበ ነች ያለችው› በሉ፤ የዛሬው ነውር በእኔ ይሁን። እየጠየቃችሁ እለፉ፣ ሱዋ ዳስ፣ ጓዳ፣ ጓሮ፣ የሚበላ ያለበትን ሁሉ! ረዳኢ፣ አንተ ከመንገዱ ጀምር፣ ሩጥ!»

ወይ ሴቶቹ! ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በጉሙ ውስጥ በየአቅጣጫው ገቡ። «ክብ ፊት! ቢጫ ቀሚስ!» የሚል ድምፅ ከዳስ ወደ ዳስ ሲሄድ ይሰማል። እኔና እማዬ ወደ መንገዱ ወረድን። መቶ ዓመት የሄድን መሰለኝ። ከዚያ ከታች የአባዬ ድምፅ፦

«ሓረጉ! እዚህ ናት! እዚህ ናት!»

የመጨረሻው ቤት ነው፣ ከአስፋልቱ አሥር እርምጃ። የአቦይ ደበሳይ ቤት። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ስለማይመጣባቸው አንድ ልጅ ስትገባላቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «ሁለት ሳህን በላችልኝ!» አሉ በኩራት። «ከዚያ ‹ሆዴን› አለችና እዚህ ገባች፣ አልወጣም አለች።»

ሚጡ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ተጠቅልላለች። ፊቷ አረንጓዴ፣ ላብ በላብ። የቀሚሷ ሁለት ኪሶች በሕምባሻ ቁራጭ ተወጥረዋል። እማዬ ስትንበረከክ ሚጡ በእጆቿ ፊቷን ሸፈነች።

«እማዬ፣ አልቆጠርኩም» አለች። «ልቆጥር ስል ጠፋብኝ።»

እማዬ አግዳሚው ሥር ገባች። ድሮ እኮ አትገባም ነበር! አሁን ገባች፤ እዚያው መሬት ላይ አቀፈቻት። ሚጡ ወዲያው የእማዬ ቀሚስ ላይ አስመለሰች፣ ስድስት ቤት ሙሉ። እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። ጀርባዋን እያሻሸች «ይውጣ፣ ይውጣ የኔ እናት» ትላታለች። ሁለት ያስመለሳቸው ሰዎች፣ አንዱ ትንሽ ሆድ፣ አንዱ ትንሽ ልጅ። ያኔ እኔም አለቀስኩ፤ ስለ አሥራ አንዱ ባኒም እዚያው ተናዘዝኩ። እማዬ አልተቆጣችኝም። ዓይኗን ጨፍና ብቻ ሰማችኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አንዷ ብርጭቆ የለችም። የሚጡ። የት እንዳደረገቻት አልጠየቅኩም። እማዬ የራሷን ብርጭቆ ይዛ መጣችና ከመስኮቱ ጋ ሳይሆን ትሪው አጠገብ፣ ባዶው ጎን ላይ ተቀመጠች። ትሪው ላይ ምስር፣ ጎመን፣ ትንሽ ሥጋ፣ ጥግ ላይ ባኒ። አባዬ «ርሑስ ምሳ!» ብሎ፣ እንደ በዓል «መልካም ምሳ» ማለቱ ነው፣ ቀለደ፣ ማንም አልሳቀም።

ሚጡ እጇን ወደ ትሪው ሰደደችና አቆመች። እማዬን አየቻት።

«ብዪ» አለች እማዬ።

«ስንት?»

የእማዬ ከንፈር ቁጥር ሊያወጣ ሲል አየሁት፣ እምላለሁ አየሁት። ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

«እኔ እንጃ» አለች። «ያንቺን ሆድ አንቺ ጠይቂው።»

ሚጡ ጎረሰች። ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ… እኔ ነኝ የምቆጥረው፣ ልማድ ሆኖብኝ! አሥራ አራት ላይ የእማዬ ግንባር ላብ አወጣ። አባዬ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። አሥራ ሰባት ላይ ሚጡ ቆመች። ሆዷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«ጠገብኩ መሰለኝ።»

ከዚያ ከጥጉ አንድ ባኒ አነሳችና ቀስ ብላ ወደ ኪሷ… እማዬ አየቻት። ሁላችንም አየናት።

«ሚጡ» አለች እማዬ። «ነገ ጠዋትም ቁርስ አለ። ከነገ ወዲያም። ያው እዚህ ትሪ ላይ።»

ሚጡ አሰበች። ባኒውን ለሁለት ቆረሰችው። ግማሹን ትሪው ላይ መለሰች። ግማሹን ኪሷ ከተተች።

እማዬ ብርጭቆዋን አነሳችና ምስሯን መልቀም ጀመረች፣ ሃያ ጊዜ እያኘከች፣ ከእኛ ጋር።